ተደራራቢ የነርቭ ኦቶኢሚዩን በሽታዎችን ለይቶ የማወቅና የማከም መመሪያ

አንድ ሰው በአንድ ጊዜም ሆነ በዓመታት ልዩነት ከአንድ በላይ የነርቭ ኦቶኢሚዩን በሽታ (የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ነርቭ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊይዘው ይችላል። ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው በሽታ ስም አንዴ በካርዱ ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚመጣው ምልክት ሁሉ በዚያው ስም ይተረጎማልና። በሌላ በኩል የአንቲቦዲ (የመከላከያ ሥርዓቱ የሚሠራው ፕሮቲን) ምርመራ እየተስፋፋ ከመጣ ወዲህ ሁለተኛ በሽታ የሌለበት ሰው በአንድ ደካማ የላቦራቶሪ ውጤት ብቻ «ሁለት በሽታ አለብህ» ሲባል ይታያል። ሁለቱም ስህተቶች ሕመምተኛውን ይጎዳሉ፤ አንደኛው ሕክምና በማሳጣት፣ ሌላው የማያስፈልገውን ከባድ መድኃኒት በማስወሰድ። ይህ መመሪያ ለሐኪሞች፣ ለስፔሻሊቲ ሠልጣኞች እና የራሳቸውን ወይም የቤተሰባቸውን ሕክምና በቅርብ ለሚከታተሉ አንባቢዎች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር የሚመራው አንድ ደንብ ነው፦ እያንዳንዱ በሽታ በየራሱ ማስረጃ ይረጋገጣል፤ ሕክምናው ግን ለሁለቱም በአንድ ላይ ይታቀዳል።

የትኞቹ በሽታዎች ይደራረባሉ?

የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን ነርቭ የሚያጠቃባቸው በሽታዎች እንዲያው በዘፈቀደ አይጣመሩም። የሚታወቁ ጥምረቶች አሉ፤ እነሱን ማወቅ የምርመራውን ሥራ በእጅጉ ያቀልላል። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው የነርቭ በሽታው ከነርቭ ሥርዓት ውጪ ካለ ኦቶኢሚዩን በሽታ ጋር መገናኘቱ ነው። ጡንቻ በሥራ ቶሎ የሚደክምበት ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለበት ሰው የታይሮይድ ኦቶኢሚዩን በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ የዓይን ነርቭንና ኅብለ ሠረሠርን የሚያጠቃው ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ ደግሞ ዓይንንና አፍን ከሚያደርቀው ከሾግረን ሲንድሮምና ብዙ የሰውነት ክፍሎችን ከሚያጠቃው ከሉፐስ ጋር ይገናኛል። ቀደም ሲል ሉፐስ ያለበት ሰው ኅብለ ሠረሠሩ ሲቆጣ ነገሩ የሉፐስ ጣጣ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። የኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ መለያ የሆነው አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከታወቀ፣ ዒላማውም አኳፖሪን-4 የተባለው ፕሮቲን መሆኑ ከተደረሰበት በኋላ ግን ከእነዚህ ሕመምተኞች አንዳንዶቹ በእርግጥም ሁለት በሽታ እንዳለባቸው ግልጽ ሆኗል። ስለዚህ ሉፐስ ወይም ሾግረን ያለበት ሰው የዓይን ነርቭ ወይም የኅብለ ሠረሠር መቆጣት ሲገጥመው ይህን አንቲቦዲ ሳይመረምሩ መቅረት ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ሁለት የነርቭ በሽታዎች በሁለት የተለያዩ አንቲቦዲዎች ምክንያት መገናኘታቸው ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስና ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የዚህ ዋና ምሳሌ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ማያስቴኒያው በዓመታት ይቀድማል፣ ከሕመምተኞቹም ብዙዎቹ በደረት ውስጥ የሚገኘው የታይመስ ዕጢያቸው አስቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በዝርዝር የተገለጸው የኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ኤንሰፋላይቲስም (በአንቲቦዲ የሚመጣ የአንጎል መቆጣት) በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ከሞግ (በነርቭ ሽፋን፣ በማይሊን ላይ የሚገኝ ፕሮቲን) አንቲቦዲ ወይም ከአኳፖሪን-4 አንቲቦዲ በሽታ ጋር አብሮ ይገኛል። በዚህ ጥምረት አንዱ በሽታ ከሌላው ቀድሞ ሊመጣ፣ ተከትሎት ሊመጣ ወይም በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮት ሊታይ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት አንድ ቀስቃሽ ብዙ በሽታ ሲወልድ ነው። የታይመስ ዕጢ እብጠት (ታይሞማ) ማያስቴኒያን፣ የጡንቻ መቆጣትን፣ እንዲሁም በካስፐር-2 አንቲቦዲ የሚመጣውንና እንቅልፍ ማጣትን፣ ቅዠትንና የጡንቻ መርገብገብን አጣምሮ የሚይዘውን የሞርቫን ሲንድሮም በአንድ ሰው ላይ ሊያመጣ ይችላል። ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር የነርቭና የጡንቻ መገናኛ በሽታ የሆነውን ላምበርት-ኢተን ሲንድሮምን ከሴሬቤለም (ሚዛንን የሚጠብቀው የአንጎል ክፍል) ጉዳት ወይም ከሊምቢክ (የትውስታና የስሜት ክፍል) ኤንሰፋላይቲስ ጋር ያጣምራል። የመከላከያ ሥርዓቱን በካንሰር ላይ ለማነሣሣት የሚሰጡት ኢሚዩን ቼክፖይንት ኢንሂቢተር የተባሉ መድኃኒቶች ደግሞ ማያስቴኒያን፣ የጡንቻ መቆጣትንና የልብ ጡንቻ መቆጣትን በአንድ ላይ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ በዚህ ጥምረት ሕመምተኛውን በድንገት የሚገድለው ብዙ ጊዜ ልቡ ወይም ትንፋሹ ስለሆነ፣ የዓይን ቆብ መውደቅ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው እንኳን ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ትሮፖኒንና ሲኬ (የልብና የጡንቻ ጉዳትን የሚያሳዩ የደም ምርመራዎች) ሳይሠራለት ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም። ኢንፌክሽንም ቀስቃሽ ሊሆን ይችላል። በሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ምክንያት የአንጎል መቆጣት ከደረሰባቸው ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል በቀጣዮቹ ሳምንታት ኦቶኢሚዩን ኤንሰፋላይቲስ ይከተላቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጠያቂው የኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር አንቲቦዲ ነው።

የተለያየ ስም ያለው ሁሉ ግን የተለያየ በሽታ አይደለም። ሚለር ፊሸር ሲንድሮምና የቢከርስታፍ የአንጎል ግንድ መቆጣት በጂኪው1ቢ አንቲቦዲ የሚያያዙ የአንድ በሽታ የተለያዩ ገጽታዎች ናቸው። ጋድ-65 አንቲቦዲም በአንድ ሰው ላይ የጡንቻ ግትርነትን፣ የሚጥል በሽታንና የሴሬቤለም ችግርን ሊያመጣ ይችላል፤ ከዓይነት 1 የስኳር በሽታ ጋርም ይገናኛል። እንዲህ ያለውን እንደ አራት የተለያዩ በሽታዎች ቆጥሮ ለእያንዳንዱ የየራሱን መድኃኒት መደርደር አይገባም።

ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ

ሁለተኛ በሽታን የሚያጋልጠው ብዙውን ጊዜ ላቦራቶሪው ሳይሆን ሪፍሌክስና ስሜት የሚመረመርበት መዶሻና መርፌ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዛሬ የማየው ምልክት የታወቀው በሽታ ከሚያጠቃው ቦታ ሊመነጭ ይችላል ወይ? ለዚህ መልስ ለመስጠት ምልክቶቹን በቦታቸው መክፈል ያስፈልጋል፤ እነርሱም የአንጎል ቅርፊትና ሊምቢክ ክፍል፣ የአንጎል ግንድ፣ የዓይን ነርቭ፣ ኅብለ ሠረሠር፣ የነርቭ ሥር፣ የዳርቻ ነርቭ፣ የነርቭና የጡንቻ መገናኛ እና ጡንቻው ራሱ ናቸው።

ማያስቴኒያ የነርቭና የጡንቻ መገናኛ በሽታ ነው። ስለዚህ የስሜት መቀነስን፣ የሽንት መታገድን፣ የባቢንስኪ ምልክትን (የእግር መዳፍ ሲፋቅ አውራ ጣት ወደ ላይ መነሣቱን) ወይም የእይታ መደብዘዝን አያመጣም፤ የሚያመጣው ሁለት ሆኖ መታየትን ነው። አንድ ዓይንን ሸፍኖ ማስነበብ ሁለቱን በአንድ ደቂቃ ይለያል። ነገሩ ከማያስቴኒያ ብቻ ከሆነ አንዱ ዓይን ሲሸፈን እይታው ይጠራል፤ የዓይን ነርቭ ከተቆጣ ግን የታመመው ዓይን ብቻውን ሲያይ ፊደሉ ደብዛዛ እንደሆነ ይቀራል፣ ቀይ ቀለምም የፈዘዘ መስሎ ይታየዋል። በተገላቢጦሽም የአንጎልንና የኅብለ ሠረሠርን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃው መልቲፕል ስክለሮሲስ አለበት የተባለ ሰው የዓይን ቆቡ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ የሚወድቅ ከሆነ፣ ወደ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል እንዲያይ አድርጎ ቆቡ ቀስ በቀስ ሲወርድ መመልከት፣ ከዚያም በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በተዘጋው ዓይን ላይ ለሁለት ደቂቃ አኑሮ መለካት ነው። ቆቡ 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከተነሣ ችግሩ ከመገናኛው ነው ማለት ይቻላል።

ሪፍሌክስም ብዙ ይናገራል። የእግር ድክመት ከጠፋ ሪፍሌክስ ጋር ከመጣ ጊላን-ባሬን ወይም ሲአይዲፒን (በፍጥነትና በዝግታ የሚመጡ የዳርቻ ነርቭ በሽታዎችን)፣ ከጨመረ ሪፍሌክስ ጋር ከመጣ ኅብለ ሠረሠርን ያመለክታል፤ በአጣዳፊው የኅብለ ሠረሠር ጉዳት የመጀመሪያ ቀናት ግን ሪፍሌክስ ሊጠፋ ስለሚችል፣ በደረትና በሆድ ላይ በመርፌ እየነኩ ስሜት የሚለወጥበትን መስመር መፈለግ የግድ ነው። ይህ መስመር ካልተፈለገ አይገኝም፤ ሕመምተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የጠፋ ሪፍሌክስና የባቢንስኪ ምልክት በአንድ ሰው ላይ አብረው ከዘለቁ የማዕከላዊና የዳርቻ ማይሊን ጉዳት በአንድነት መኖሩ ይጠረጠራል፤ ከዚያ በፊት ግን የቫይታሚን ቢ12 እና የመዳብ እጥረት መወገድ አለበት።

የታሪክ ቅበላው በተለይ ሊነሡ የሚገባቸው ግን በቀላሉ የሚዘነጉ ነገሮች አሉት። ለቀናት የማያቋርጥ ስቅታና ማስታወክ የኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፊትንና ክንድን በአንድ ወገን በቅጽበት የሚያስኮማትርና በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም እንቅስቃሴ፣ በተለይ ሶዲየም ዝቅ ካለ፣ በኤልጂአይ-1 አንቲቦዲ የሚመጣውን ኤንሰፋላይቲስ ያመለክታል። የዓይንና የአፍ መድረቅ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የፅንስ መውረድ፣ የክብደት መቀነስ፣ የማጨስ ታሪክ እና በቅርቡ የተወሰደ መድኃኒት ሁሉ መጠየቅ አለባቸው።

ናሙናው ከመድኃኒቱ ይቅደም

ከፕላዝማ ልውውጥ (የደምን ፈሳሽ ክፍል አውጥቶ ከመተካት) ወይም በደም ሥር ከሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን በፊት ደም ተወስዶ መቀመጥ አለበት። የፕላዝማ ልውውጥ የሚፈለገውን አንቲቦዲ አጥቦ ይወስደዋል፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ደግሞ ከለጋሾች የመጣ አንቲቦዲ ስለሚጨምር ሐሰተኛ ውጤት ያመጣል። ለምሳሌ ያህል ሄፓታይተስ ቢ ያልያዘውን ሰው የያዘው ሊያስመስል ይችላል። አንድ ተጨማሪ ብልቃጥ ሴረም ቀዝቅዞ መቀመጡ ከሳምንታት በኋላ የሚነሣን ጥያቄ ይመልሳል፤ ሕክምናው ግን የምርመራው ውጤት እስኪመጣ መዘግየት የለበትም።

የትኛው አንቲቦዲ ከየት እንደሚመረመር ማወቅም ያስፈልጋል። አኳፖሪን-4 እና ሞግ ከደም ቢመረመሩ ይሻላል፤ ዘዴውም ሕዋስን መሠረት ያደረገ ምርመራ ቢሆን ይመረጣል፣ ኤላይዛ የተባለው ሌላው ዘዴ በተለይ በዝቅተኛ ቁጥር ሐሰተኛ አዎንታ ይሰጣልና። የኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር አንቲቦዲ ይበልጥ የሚታመነው ከወገብ በተወሰደው ፈሳሽ ሲገኝ ነው። ኤልጂአይ-1 ደግሞ በተቃራኒው ከደም በተሻለ ይገኛል። ለማያስቴኒያ በመጀመሪያ የአሴቲልኮሊን ሪሴፕተር አንቲቦዲ፣ እሱ ከሌለ መስክ (MuSK) የተባለው አንቲቦዲ ይጠየቃል፤ ሁለቱም ካልተገኙ በተደጋጋሚ የነርቭ ማነቃቂያ ምርመራ ከ10 በመቶ በላይ የሆነ የምላሽ መቀነስ መፈለግ ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻ ነው። አዎንታዊ አንቲቦዲ በሽታ አይደለም። ከሕመሙ ገጽታ፣ ከኤምአርአይው እና ከአከርካሪው ፈሳሽ ጋር ካልገጠመ ለሕመምተኛው የማይጠቅም ቁጥር ሆኖ ይቀራል። የታይሮይድ ፐርኦክሲዴዝ አንቲቦዲ በብዙ ጤነኛ ሰዎች ላይም ይገኛል፤ በእሱ ብቻ ተመርኩዞ ግራ የተጋባን ሰው ሁሉ ኦቶኢሚዩን ኤንሰፋላይቲስ አለበት ማለት የተለመደ ስህተት ነው። ጋድ-65 በዝቅተኛ መጠን በስኳር ሕመምተኞች ላይ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ለነርቭ በሽታ ማስረጃ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በጣም ከፍ ባለ መጠን ሲገኝና በተለይም በአከርካሪው ፈሳሽ ውስጥ ሲመረት ነው። የሞግ አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው መስፈርት መሠረት ከ1 ለ100 በታች ከሆነ ዝቅተኛ አዎንታ ይባላል፤ ያኔ ተጨማሪ የሕመምና የኤምአርአይ ማስረጃ ይጠየቃል። ኤልጂአይ-1 እና ካስፐር-2 ሁለቱም አሉታ ሆነው ጥቅል የፖታሲየም ቻናል አንቲቦዲ ብቻ አዎንታ ቢሆን ትርጉም አይሰጠውም። ፓነሉ ሰፋ ባለ ቁጥር ሐሰተኛ አዎንታ የማግኘት ዕድሉም ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥያቄ ሳይኖር ሁሉንም አንቲቦዲ ማዘዝ መልስ አያመጣም።

ኤምአርአይው የሚነበበው ለእያንዳንዱ በሽታ በተናጠል ነው። በኅብለ ሠረሠር ላይ ሦስት አከርካሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝም ጠባሳ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካን ወይም የሞግ በሽታን ያመለክታል፤ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ጠባሳ አጭርና ወደ ጠርዝ ያደላ ነው። የሞግ በሽታ ጠባሳ ከጊዜ በኋላ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል፣ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ግን ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ኦሊጎክሎናል ባንድ (በአከርካሪው ፈሳሽ ውስጥ አንቲቦዲ መመረቱን የሚያሳይ ምልክት) በአብዛኞቹ የመልቲፕል ስክለሮሲስ ሕመምተኞች ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል፤ በሌሎቹ ሁለቱ በጥቂቶች ብቻ። አንድ ሰው አንዳንድ ነገሩ ይህን፣ ሌላው ነገሩ ያንን የሚመስል ከሆነ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለት በሽታ አለ ወይ ሳይሆን የመጀመሪያው ስም ልክ ነበር ወይ የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብሎ ሲታይ

የ34 ዓመት ሴት እንውሰድ። ማያስቴኒያ ግራቪስ ከያዛት ሰባት ዓመት ሆኗታል፤ የታይመስ ዕጢዋ ወጥቷል፤ በፒሪዶስቲግሚንና በአነስተኛ ፕሬድኒሶሎን ደህና ሆና ቆይታለች። አሁን ለአሥር ቀን የዘለቀ ስቅታና ማስታወክ ይዟት መጣች። ፒሪዶስቲግሚን ሆድ እንደሚያውክ ስለሚታወቅ መጠኑ ተቀነሰ። ከሳምንት በኋላ እግሮቿ ደከሙ፤ ይህም መድኃኒቱ ስለተቀነሰ የመጣ የማያስቴኒያ መባባስ ተደርጎ ተወሰደና መጠኑ ተመልሶ ጨመረ። እስካሁን የተደረገው ሁሉ ምክንያታዊ ይመስላል፤ የጎደለው ምርመራው ነው። ፊኛዋ ተወጥሯል፣ ሽንቷም ታግዷል። በመርፌ ሲነካ ከጡቷ ጫፍ መስመር በታች ስሜቱ ይለወጣል። ባቢንስኪ በሁለቱም እግሮች አለ። የዓይን ቆቧ ግን አልወደቀም፤ አንገቷም ጠንካራ ነው። ማያስቴኒያ ከእነዚህ አንዱንም አያመጣም። ኤምአርአይው በደረቷ ደረጃ ረጅም የኅብለ ሠረሠር ጠባሳ፣ በአንጎል ግንድ ጀርባም ኤሪያ ፖስትሬማ በተባለው የማስታወክ ማዕከል ላይ ሌላ ጠባሳ አሳየ፤ አኳፖሪን-4 አንቲቦዲም አዎንታ ሆነ። አሁን ሁለት በሽታ አለ ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም በየራሳቸው የሕመም ገጽታ፣ በየራሳቸው አንቲቦዲና በየራሳቸው ቦታ ተረጋግጠዋልና።

ቀጣዩ አደጋ የሚመጣው ከሕክምናው ነው። የታገደው ሽንት ኢንፌክሽን ቢያመጣና በልማድ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ጄንታማይሲን ቢታዘዝላት፣ ለኅብለ ሠረሠሯ ጉዳት የሌለው መድኃኒት ማያስቴኒያዋን ሊያስነሣና ትንፋሿን ሊያደክም ይችላል። ለድንገተኛው ጥቃት የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎንም በማያስቴኒያ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ጊዜያዊ መባባስ ያመጣል። ስለዚህ ለእርሷ የሚሻለው የፕላዝማ ልውውጥን ከስቴሮይዱ ጋር ገና ከመጀመሪያው ማስጀመር ነው፤ ልውውጡ የኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካን ከባድ ጥቃት ያክማል፣ ዘግይቶ ሲጀመርም ሙሉ በሙሉ የመዳን ዕድል ይቀንሳል፤ በዚያው ጊዜ ማያስቴኒያውን ከስቴሮይዱ መባባስ ይከላከላል።

የሚያሳስቱ ሌሎች በሽታዎች

ሁለት ኦቶኢሚዩን በሽታ ከማለት በፊት ሁለቱንም ገጽታ የሚያብራራ አንድ ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ቲቢ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ሳርኮይዶሲስ፣ የቤሼት በሽታና ሊምፎማ የአንጎልን፣ የኅብለ ሠረሠርንና የነርቭ ሥርን ጉዳት በአንድነት ሊያመጡ ይችላሉ። ሊምፎማ በስቴሮይድ ለጊዜው ስለሚሻሻል በተለይ ያታልላል። ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ ቀስ እያለ የሚብስ፣ በእግር ጉዞ የሚጨምርና ከስቴሮይድ በኋላ የሚባባስ ረጅም የኅብለ ሠረሠር ጠባሳ የደም ሥሮች ያልተገባ ግንኙነት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናው የደም ሥር ሂደት ወይም ቀዶ ሕክምና ነው። በአእምሮ ሕመምና ፈንክሽናል በተባለው የነርቭ ችግር ምክንያት የመጣ ምልክትም ከአንድ ደካማ አንቲቦዲ ጋር ሲገጣጠም በስህተት ኦቶኢሚዩን ኤንሰፋላይቲስ ይባላል። የአከርካሪው ፈሳሽ፣ ኤምአርአይውና ኢኢጂው ሁሉ ጤነኛ ሆነው ሳለ ጠንካራ የመከላከያ ማፈኛ መጀመር እጅግ ጠንካራ ምክንያት ይፈልጋል።

የካንሰር ፍለጋው በበሽታው ዓይነት ይመራል። ማያስቴኒያ ያለበት ሰው ሁሉ ለታይሞማ የደረት ሲቲ ይነሣል፤ የኤንኤምዲኤ ሪሴፕተር ኤንሰፋላይቲስ ያለባት ሴት ለእንቁላል ዕጢ ቴራቶማ ትመረመራለች፤ ላምበርት-ኢተን ያለበት አጫሽ ሳንባው በአንድ ምርመራ ነጻ ቢመስል እንኳን በየጥቂት ወራት ይደገምለታል። እብጠቱ ካልወጣ መድኃኒቱ በከፊል ብቻ ይሠራል።

አጣዳፊው ሕክምና

መጀመሪያ የሚታከመው ሕይወትን የሚያሰጋው፣ ቀጥሎ የማይመለስ ጉዳት የሚያደርሰው ነው። ትንፋሽ ከሁሉ ይቀድማል። ሕመምተኛው በአንድ ትንፋሽ እስከ 20 መቁጠር ካቃተው፣ አንገቱን ከትራስ ማንሣት ካልቻለ ወይም ምራቁን መዋጥ ከከበደው የሳንባው አቅም ወዲያው ይለካ፤ በአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ20 ሚሊ ሊትር በታች መውረዱ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመውሰጃ ምልክት ነው። የደም ኦክሲጅን መጠን እስኪወርድ መጠበቅ አደገኛ ነው፤ በነርቭና በጡንቻ ድካም የሚወርደው በመጨረሻ ነውና።

መሣሪያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሜቲልፕሬድኒሶሎን በቀን 1 ግራም ለሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን በጠቅላላ በኪሎ ግራም 2 ግራም ከሁለት እስከ አምስት ቀን ተከፋፍሎ፣ እና የፕላዝማ ልውውጥ አብዛኛውን ጊዜ በየሁለተኛው ቀን ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ። ምርጫው የሚወሰነው በጥምረቱ ነው። ጊላን-ባሬን ለስቴሮይድ አይመልስም፤ ስለዚህ ከኅብለ ሠረሠር መቆጣት ጋር ከመጣ ስቴሮይዱ ለኅብለ ሠረሠሩ ብቻ መሆኑ ታውቆ ለነርቩ ኢሚዩኖግሎቡሊን ወይም ልውውጥ ይጨመራል። ኒውሮፋሲን-155 አንቲቦዲ ያለበት የዳርቻ ነርቭ በሽታ ለኢሚዩኖግሎቡሊን ብዙ ጊዜ ደካማ ምላሽ ሲኖረው፣ ለሪቱክሲማብ የተሻለ ምላሽ አለው። ከሄርፒስ በኋላ የመጣ ኤንሰፋላይቲስ ከሆነ መከላከያን ከማፈን በፊት የቫይረሱ ፒሲአር ከአዲስ ፈሳሽ ተደግሞ መታየት፣ እስኪታወቅም አሲክሎቪር መሰጠት አለበት። ቼክፖይንት ኢንሂቢተር የቀሰቀሰው ከሆነ የካንሰር መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፤ ስቴሮይዱም የልብ ክትትል ባለበት ቦታ ይሰጣል።

ቅደም ተከተሉም መዘንጋት የለበትም። ኢሚዩኖግሎቡሊን ሰጥቶ በማግስቱ ፕላዝማ መለወጥ ውዱን መድኃኒት አጥቦ መጣል ነው፤ ልውውጡ ይቅደም፣ ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ይከተል። ሪቱክሲማብም ከልውውጡ በፊት ቢሰጥ ስለሚታጠብ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን መራራቅ አለባቸው።

የረጅም ጊዜ ዕቅድ

እዚህ ላይ የሚፈለገው ሁለቱንም በሽታ የሚይዝ አንድ መድኃኒት ነው፤ ካልተገኘም ቢያንስ ሌላውን የማያባብስ። ኢኩሊዙማብና ራቩሊዙማብ ኮምፕሌመንት የተባለውን የመከላከያ ክፍል ስለሚያግዱ ለአሴቲልኮሊን ሪሴፕተር ማያስቴኒያም ለአኳፖሪን-4 በሽታም የተፈቀዱ ናቸው፤ ከላይ ለተጠቀሰችው ሕመምተኛ መድኃኒቱ ከተገኘ የተሻሉ ምርጫዎች ናቸው። ከመጀመራቸው ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት የማጅራት ገትር ክትባት ይሰጣል፤ ጊዜ ከሌለ ክትባቱ ተሰጥቶ አንቲባዮቲክ ይጨመራል። መስክ ማያስቴኒያ ግን በኮምፕሌመንት አይሠራም፤ ለእሱ ሪቱክሲማብ ይሻላል፣ ይህ ደግሞ ለኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ፣ ለኦቶኢሚዩን ኤንሰፋላይቲስና ለኒውሮፋሲን በሽታ ስለሚያገለግል የጥምረቶች ሁለገብ መድኃኒት ነው። ውዶቹ መድኃኒቶች በማይገኙበት ቦታ አዛቲዮፕሪን ወይም ማይኮፌኖሌት ከፕሬድኒሶሎን ጋር ለብዙዎቹ ጥምረቶች ይሠራል፤ ሥራቸውን እስኪጀምሩ ወራት ስለሚወስዱ ግን ፕሬድኒሶሎኑ በችኮላ አይቀነስም። የሞግ በሽታ ስቴሮይድ በፍጥነት ሲቀነስ የማገርሸት ልማድ አለው፤ ለእሱ በየወሩ የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን ጥሩ አማራጭ ሲሆን ማያስቴኒያ ወይም ሲአይዲፒ አብሮ ካለም ይጠቅማል።

የሚከለከሉትን ማወቅ ከሚታዘዙት አያንስም። ኢንተርፌሮን-ቤታ፣ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ለመልቲፕል ስክለሮሲስ ጥሩ ሲሆኑ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካን ሊያባብሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጥርጣሬ ካለ ለሁለቱም የሚሆነው ቢ-ሴልን (የአንቲቦዲ አመንጪ ሕዋሳት ምንጭ) የሚያጠፋ መድኃኒት ይመረጣል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡት የቲኤንኤፍ (መቆጣትን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን) ማገጃዎች የማይሊን ጉዳትን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ መልቲፕል ስክለሮሲስ ላለበት የሩማቶይድ ሕመምተኛ አይመከሩም። ለማያስቴኒያ እንደ ኤፍጋርቲጂሞድ ያሉ አይጂጂ የተባለውን የአንቲቦዲ ዓይነት የሚቀንሱ መድኃኒቶች አብረው የሚሰጡትን ኢሚዩኖግሎቡሊንና ሌሎች የአንቲቦዲ መድኃኒቶችም ስለሚቀንሱ ከእነርሱ ጋር መደረብ የለባቸውም።

መከላከያን ከማፈን በፊት ሄፓታይተስ ቢ፣ ኤችአይቪና ድብቅ ቲቢ ይመረመራሉ፤ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው የአንጀት ትል በሚገኝበት አካባቢ የኖረ ሰው ከስቴሮይድ በፊት ይታከማል። በቀን 20 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ከአንድ ወር በላይ የሚወስድና በተለይ ሌላ ማፈኛ የተጨመረለት ሰው የኒውሞሲስቲስ የሳንባ ኢንፌክሽን መከላከያ፣ የአጥንት ጥበቃና የስኳር ክትትል ያስፈልገዋል። ሕያው ክትባት ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ አይሰጥም። ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት ማይኮፌኖሌት፣ ሜቶትሬክሴትና ሳይክሎፎስፋማይድ አይሆኑም፤ አዛቲዮፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎንና ኢሚዩኖግሎቡሊን ይቻላሉ። ማያስቴኒያ ካለባት እናት የተወለደ ሕፃን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጡት የመጥባትና የመተንፈስ አቅሙ በቅርብ ይታያል። በወሊድ ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ለመከላከል የሚሰጠው ማግኒዚየም ማያስቴኒያን በአደገኛ ሁኔታ ሊያባብስ እንደሚችልም ለማዋለጃ ክፍሉ አስቀድሞ ይነገራል።

ክትትል

በእያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለቱ በሽታዎች በሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ይለካሉ። ለማያስቴኒያው የዓይን ቆብ፣ የመዋጥ፣ የአንገትና የክንድ ጽናት፤ ለማይሊኑ በሽታ የእይታ ጥራት፣ የመራመድ አቅም፣ ፊኛና ስሜት። አዲስ ምልክት ሲመጣ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየቱ፣ ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን አብሮት መኖሩና በምርመራ የሚታይ አዲስ ነገር መኖሩ ተጠይቆ ነው ማገርሸት የሚባለው። ያለ ምልክት የአንቲቦዲ መጠን ብቻ ከፍ ማለቱ በአብዛኞቹ በሽታዎች መድኃኒት ለመቀየር ምክንያት አይሆንም፤ በአንጻሩ የሞግ አንቲቦዲ ከጊዜ በኋላ መጥፋቱ የማገርሸት ዕድሉ ዝቅ ማለቱን ያመለክታል። ከሁለቱ አንዱ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ጸጥ ቢልና መድኃኒት መቀነስ ቢታሰብ ውሳኔው የሚወሰደው ሌላውን በሽታ ታሳቢ በማድረግ ነው፤ የሞግ በሽታው ሊተው የሚችለውን መድኃኒት ማያስቴኒያው እየተደገፈበት ሊሆን ይችላልና።

በካርዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሁለቱም በሽታዎች ለየብቻ ይጻፉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን የተረጋገጠበት ዓመት፣ የአንቲቦዲው ስም፣ መጠንና የምርመራ ዘዴ፣ የተሞከሩት መድኃኒቶችና የቆሙበት ምክንያት፣ ከሁሉ በታች ደግሞ መሰጠት የሌለባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ይስፈር። የዚህ ገጽ ቅጂ ለሕመምተኛው ይሰጥ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል፣ ወደ ጥርስ ሐኪም ወይም ወደ ማደንዘዣ ሐኪም በሄደ ቁጥር ከመድኃኒቱ አስቀድሞ ይህን ገጽ እንዲያሳይ ይነገረው።